በወንድሜ ድምፅ

ሰው ማስመሰል ከልጅነቴ የተካንኩበት ብቸኛ ሙያ ነው። ተማሪ ሳለሁ የርዕሰ መምህራችንን አነጋገር ሳስመስል ራሳቸው ከኋላዬ ቆመው ሰሙኝ። አልመቱኝም። «ጨርሰው እንጂ» ብለው እስከ መጨረሻው አስቀጠሉኝና «እኔ እንዲህ ነው የምናገረው?» ብለው ከልባቸው አዘኑ። በዱላ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው። ደህና መሆኑን በመልእክት ይጽፍልኛል፤ ዶዮገና ላለችው እናታችን ግን አይደውልም። ድምፁን ስትሰማ ታለቅሳለች፣ እሱ ደግሞ ለቅሶዋን አይችለውም። «ደህና ነው» ብላት አላመነችኝም። «ሞቷል፣ ደብቃችሁኛል» እያለች እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ ሲል፣ ሆሳዕና ሱቄ ውስጥ ሆኜ በአዲስ ሲም ካርድ፣ በእሱ ድምፅ ደወልኩላት።

ወንድሜ ቀልዱን ሳይናገር ቀድሞ ይስቃል። ከምባትኛውንም እንደ ሽማግሌ እየጎተተ ነው የሚያወራው። ሰውን ለማስመሰል ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አውቀዋለሁ። እናቴ አላለቀሰችም። በየሳምንቱ እደውል ጀመር። ችግሩ፣ የምታወራው ስለ እኔ ነበር።

«ያ ሆሳዕና ያለው ወንድምህ፣ ቆጮ ብልክለት ደረሰኝ እንኳ አላለም።»

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ እማ» አልኩ፣ ቀድሜ እየሳቅሁ።

«ምኑ ያስቃል? አትሟገትለት! ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሲያማ ነው የሚውለው። እሱ እንዳንተ አይደለም።»

በጣም ተናደድኩ። እሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ፣ በየሳምንቱ ጉሮሮዬን የማደክመው እኔ! በሚቀጥለው ሳምንት ራሴን ማመስገን ጀመርኩ፤ ታታሪ ነው፣ አስተዋይ ነው፣ እናቱን ይወዳል አልኩ። ሰማችኝና «ይሄን ሁሉ ማን ነገረህ?» አለች።

አንድ ቀን እያወራን ሳለ፣ ከሱቄ በር ላይ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ «ዶዮገና! ዶዮገና! አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ጮኸ። ስልኩን በእጄ ሸፈንኩት፤ ግን ሰምታለች።

«ደቡብ አፍሪካም ወደ ዶዮገና መኪና አለ?»

«እዚህ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸው» አልኩ። በሕይወቴ ከዚህ የባሰ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄሃለሁ። የወለድኳችሁ እኮ እኔ ነኝ! እሱ አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ አንተ እንዲህ መሳቅ አትችልም ነበር። ስትስቅ ስሰማ ደህና መሆኑን አመንኩና እንቅልፌን ተኛሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እንደ እሱ ሆነህ መደወል ከጀመርክ ወዲህ ግን፣ አንተ ራስህ አንድ ቀን እንኳ አልደወልክልኝም።»

እውነቷን ነው። ድምፅዋን በየሳምንቱ እየሰማሁ፣ የደወልኩላት መስሎኝ ኖሬያለሁ። አፈርኩ። ስልኩን ዘጋሁና በራሴ ቁጥር ደወልኩ።

ወዲያው አነሳችው። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለችኝ።