አሜን ያልተባለበት መዶሻ

ሚስቴ ሁለት ወንድሞች አሏት። ሁለቱም ድንጋይ ፈላጮች ናቸው፤ እኔ ደግሞ የፈለጡትን በገልባጭ መኪና የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ይህን የማወራው ስለ ታላቁ ነው። ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «አሜን» ነበር የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው።

ትልቅ ቋጥኝ የሚፈለጠው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ቁጢጥ ብሎ መሮውን ድንጋዩ ላይ ያቆማል፤ በትንሽ መዶሻ ጠቅ ጠቅ እያደረገ እስኪነክስ ይይዘዋል፤ ከዚያ እጁን ያወጣል። ሌላው ቆሞ ስምንት ኪሎ መዶሻ ከራሱ በላይ አንስቶ ያወርዳል። የቆመው ሰው አቧራና ላብ ዓይኑን ስለሚሸፍነው የሚሠራው በጆሮው ነው፤ እጅ መውጣቱ በድምፅ ይነገረዋል። ሌሎቹ ጥንዶች «በል!» ወይም «ሂድ!» ይባባላሉ። እነዚህ ሁለቱ ግን ከአባታቸው የወረሱት ሌላ ነው። ታናሹ እጁን ሲያወጣ «በስመ አብ!» ይላል፤ ታላቁ «አሜን!» ብሎ ያወርዳል። አባታቸው «ስም ሳይጠራ መዶሻ አይወርድም» እያለ አሳድጓቸው፣ ይህንኑ እያለ ሞተ። በቀን ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ጊዜ ይባባሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥፍር እንኳ አልተነካም።

«ከቄሱ በላይ የምትጸልዩ እናንተ ናችሁ» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። ታናሹ ይስቃል። ታላቁ አይስቅም። ታላቁ ደግ ሰው ነው፤ መኪናዬ የተገለበጠች ቀን በሩን በድጅኖ ፈልቅቆ ያወጣኝ እሱ ነው። ግን ጽድቁ እንደ መዶሻው ከባድ ነበር፤ ሰው ላይ ሲያወርደው አያይም። እሁድ ማን እንደቀረ፣ ማን እንዳረፈደ፣ ማን ቅዳሴ ላይ እንዳዛጋ ሰኞ ጠዋት በቃሉ ይነግረኛል። እኔ የቀረሁትን ሁሉ ያውቃል። «አማች፣ አንተን ለማሰብ እንኳ እፈራለሁ» ይለኛል።

ሰፈራችን ውስጥ በአንድ ጠባብ መንገድ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች አሉ። አሮጌውን ላይኛው ቤት፣ አዲሱን ታችኛው ቤት እንላቸዋለን። የሚያነቡት መጽሐፍ አንድ ነው፤ የሚጠሩት ጌታ አንድ ነው። ለዚህ ይመስለኛል የማይዋደዱት፤ ሩቅ ላለ ሰው እንዲህ አይደከምም። ታናሹ ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ ወደ ታችኛው ቤት መሄድ ጀመረ። እዚያ አቅፈው አስለቀሱት መሰለኝ፤ እኛ ያላደረግንለትን።

እዚያ በሄደበት የመጀመሪያ እሁድ ማግስት፣ ሰኞ፣ መሮውን አቆመ፤ እጁን አወጣና «በኢየሱስ ስም!» አለ። መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልክ?»

«በኢየሱስ ስም አልኩ። አውርደው ጋሼ፣ እጄ ወጥቷል።»

«አባትህ ያስተማረህን ጥራ።»

«የአባቴ ልማድ አያድነኝም። የሚያድነኝን ጠራሁ።»

«እኔ ለመናፍቅ አሜን አልልም!»

«እኔም ለስም ክርስቲያን መሮ መያዜ ሲበዛብህ ነው!»

ካባው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያያቸው ጀመር። መሐል ገብቼ «ደመወዛችሁ የሚከፈለው በድንጋይ እንጂ በስብከት አይደለም» ባልል ኖሮ እዚያው ይያያዙ ነበር። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ታናሹ እጁን ካወጣ በኋላ ድንጋዩን በትንሿ መዶሻ ሁለቴ ይመታል፣ ታላቁ ያወርዳል። ስም የለም፣ አሜን የለም። ለስምንት ወር ያህል ቋ ቋ፣ ድም! ቋ ቋ፣ ድም! እያሉ እንደ ባዕድ ሠሩ። ሚስቴ ሁለቱንም እየጠራች «ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም» ትላቸዋለች። ይሰማሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ ይሄዳሉ።

ከዚያ ሁለቱም ቤቶች አጥር ማጠር ጀመሩ። ላይኛው ሲያጥር ታችኛው ምን አንሶት! ድንጋዩን የፈለጡት እነዚሁ ወንድማማቾች፣ ያመላለስኩት እኔ። አርብ ዕለት አንድ ጭነት ከዚህ፣ አንድ ጭነት ከዚያ አራግፌ ሄድኩ።

እሁድ የሁለቱም ቤቶች ምእመናን እኩል ሰዓት ላይ ወጡ። ማን እንደጀመረ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም የሚያውቀው ግን የተለያየ ነው። እኔ ያየሁት ከበሮው ሲቀደድ ነው። የታችኛው ቤት ሰው የላይኛውን ከበሮ በእርግጫ በሳው። «ከሃዲ!» ተባለ፤ «ጣዖት አምላኪ!» ተባለ። አንዱ በመዝሙር መጽሐፍ ጀርባ የሌላውን አፍንጫ አለው፤ ደሙ የገጹን ጠርዝ አቀላው። ከዚያ ሁሉም ወደ ድንጋዩ ክምር ሮጠ። የእኔው ጭነት! አንዲት ነጭ የለበሰች ሴትዮ፣ እጇን ብታነሳ እንኳ ለሰላምታ ነው የምትላት ዓይነት፣ በሁለት እጇ ቋጥኝ ተሸክማ አንድ የወደቀ ሰው ጉልበት ላይ ጣለችው። ሲሰበር ሰማሁት። ሰውየው የጮኸው ጌታን እየጠራ ነበር፤ እሷም እንደዚያው። ጥርስ መሬት ላይ አየሁ። አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ» እያሉ መሐል ገብተው ሁለቱም ወገኖች መቷቸው።

ታላቁን ያየሁት እጅጌውን ሰብስቦ ነው። ማነጣጠር ያውቅበታል። ታናሹም አይቶት ቆመ፤ አልሸሸም። ታላቁ የወረወረው ድንጋይ ግንባሩን ከቅንድቡ በላይ ከፈተው። ታናሹ ደሙን በመዳፉ ጠርጎ መጣና በቡጢ የታላቁን ከንፈር ለሁለት ሰነጠቀ። አፈር ላይ ተንከባለሉ፤ ተናከሱ። የእናት ልጆች፣ የአርባ ሦስትና የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰዎች! ተሳድቤም ጎትቼም ያላቀቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ጎኔ ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀው እርግጫ ደርሶኛል።

ሁለቱንም ቤቴ አመጣኋቸው። ሚስቴ ሸሚዛቸውን አስወልቃ አንድ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ውሃው ሲቀላ ሁለቱንም ጠርታ «በሉ እስቲ፣ የላይኛው ቤት ደም የትኛው ነው? ለዩልኝ!» አለቻቸው። ታላቁ ካናቴራውን ብቻ እንደለበሰ ወጥቶ ሄደ።

አሁን የእኔ ኃጢአት መጣ። ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ሁለቱንም መኪናዬ ላይ ጫንኳቸው። አንዱ ግንባሩ የታሸገ፣ አንዱ ከንፈሩ ያበጠ፤ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው አንዱ በመስኮት፣ አንዱ በፊት መስታወት ያያል። ዝምታ አልወድም። አፌ ደግሞ ልጓም የለውም።

«ዛሬማ ዳኛም አያስፈልግ» አልኩ። «መሮ አለ፣ መዶሻ አለ። እውነተኛው አምላክ የማን እንደሆነ እዚያው ይለይላችኋል!»

ብቻዬን ሳቅኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን አፋፉንም አላየሁም።

ካባው ስንደርስ ትልቅ ጥቁር ቋጥኝ ተራ ይጠብቃል። ታናሹ ቁጢጥ አለ፤ መሮውን አቆመ፤ ጠቅ ጠቅ አደረገው፤ ነከሰ። ታላቁ መዶሻውን አነሳ። እኔ የመኪናዬን ጎማ እየመታሁ አየር እፈትሻለሁ። ሁለቱን ቋ ቋ ጠበቅኩ። አልመጣም። ቀና ስል ታናሹ ትንሿን መዶሻ አስቀምጦ ቀኝ እጁን መሮው ላይ አድርጓል። ሁለቱ ይተያያሉ። መዶሻው አየር ላይ ነው። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም፤ እኔ «ኧረ!» ለማለት በቂ ጊዜ ነበረኝ፣ አላልኩም።

ወረደ።

ድምፁ የድንጋይ አልነበረም። መሮው ተፈናጥሮ ሄደ፤ እጁ እዚያው ቀረ፣ ቋጥኙ ላይ ተለጥፎ። አምስቱ ጣቶች አምስት አልነበሩም። ታናሹ መጀመሪያ አልጮኸም፤ እጁን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ያየዋል። ከዚያ የጮኸው ጩኸት ግን እስካሁን መሪ ስይዝ ይመጣብኛል።

ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሞቹ እጁን ከአንጓው በላይ ቆረጡት። «ጣት ገማ ተብሎ» የምትለው ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

ታላቁ ለፖሊስ «አቧራ ዓይኔ ገባ» አለ፤ ታናሹም «አደጋ ነው» ብሎ መሰከረለት። ከዚያ ታላቁ ሦስት ቀን ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀመጠ፤ ወደ ክፍሉ አልገባም። የገቡት ሌሎች ናቸው። በሦስተኛው ቀን የታችኛው ቤት ሰባኪ ሰዎቹን አስከትሎ መጣና አልጋው ራስጌ ቆሞ «ስለ ስሙ የተቆረጠ እጅ! ይህ ምስክርነት ነው!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው የላይኛው ቤት ቄስ ከነተከታዮቻቸው ገቡና «ምስክርነት ሳይሆን ፍርድ ነው፤ የካደ እጅ ተቆረጠ!» አሉ። በሽተኛው መሐል ላይ ተኝቷል። አንዱ አንዱን ገፋ፤ የግሉኮሱ ብረት እንደ ጦር ተነሳ፤ የአንዱን አናት በጣው። ጠርሙስ ተከሰከሰ። ሁለት ሰዎች ተያይዘው አልጋው ላይ ወደቁ፤ በትክክል ቁስሉ ላይ። ስፌቱ ተተረተረ፤ አንሶላው ቀላ። ነርሷ «አውሬዎች!» እያለች ትጮኻለች።

ያን ጊዜ ታላቁ ገባ። መጀመሪያ የያዘው ማንን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የራሱን ቄስ። የንስሐ አባቱን በአንገት ልብሳቸው አንጠልጥሎ ከበሩ ውጭ ጣላቸው። ሰባኪውን በጥፊ አስከትሎ ላከው። የቀረውን በወንበር እግር አስወጣ፤ ሁለት ሰው ሳይሰብር አልቀረም። በሩን በጀርባው ዘጋና እንደቆመ ወደ ወለሉ ተንሸራተተ። ነርሷ ቁስሉን እያሰረች ሳለ እዚያው ሆኖ ተናገረ።

«እጅህን አይቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«አቧራ አልነበረም። እምነቱ እውነት ከሆነ አምላኩ እጁን ያወጣለታል ብዬ ነው የለቀቅኩት።»

ታናሹ ጣሪያውን እያየ «እኔም ማውጣት እችል ነበር» አለ። «ጌታዬ መዶሻውን አየር ላይ ይይዝልኛል፣ አንተም ተንበርክከህ አሜን ትላለህ ብዬ ነው የተውኩት።»

ሁለቱም አለቀሱ። እኔ መኪናው ውስጥ ያልኩትን ለሚስቴ የነገርኳት ያን ቀን ነው። አንድ ወር አላናገረችኝም፤ ሲያንሰኝ ነው።

ታላቁ ከዚያ በኋላ መዶሻ አላነሳም። ካባው ውስጥ ጠጠር ይጠርጋል፤ እሁድ ቤቱ ይቀመጣል። አሜን ብሎ የሚጠራውም ጠፋ። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ታናሹ ሳይጠራ መኪናዬ ላይ ወጣ። ባዶ እጅጌውን በመርፌ ቁልፍ አያይዞታል። ካባው ስንደርስ ከጥቁሩ ቋጥኝ ፊት ቆመና ታላቁን ተጣራ።

«ጋሼ፣ ና። በግራዬ መሮ ልያዝልህ።»

የቀረችውን አንዲቷን! ታላቁ መጥረጊያውን ይዞ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ስምንት ኪሎውን አላነሳም፤ ትንሿን መዶሻ አንስቶ በታናሹ ግራ እጅ ላይ አስያዘው። ከዚያ ራሱ ቁጢጥ አለና መሮውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አንተ ምታ» አለው።

«ጋሼ፣ ግራዬ እኮ አልለመደም።»

«ምታ አልኩህ።»

«ስም ሳይጠራ አይወርድም፤ አባባ ምን ብሎ ነበር?»

ያን ሰው መኪና በድጅኖ ከመፈልቀቅ ይልቅ ይህ ከበደው። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ወረደ።

«በኢየሱስ ስም» አለ።

«አሜን» አለ ታናሹና መታ።

ሳተ። መዶሻዋ የመሮውን ጠርዝ ጨርፋ የታላቁ አውራ ጣት ላይ አረፈች። ጥፍሩ ተነስቶ ተንጠለጠለ፤ ደሙ በመሮው ላይ ወረደ። ግራ እጅ ስላልለመደ ነው፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። አልጠየቅኩም፤ ታላቁም አልጠየቀም። እጁን ግን አላነሳም።

«ድገም» አለ።

«ደም ነው እኮ፣ ጋሼ!»

«አየሁት። ድገም።»

ስሙን በጠራ ቁጥር ታናሹ አሜን ይላል፤ በግራው ያወርዳል። ቋጥኙ የተሰነጠቀው በሠላሳ ምናምነኛው ምት ነው፤ ሌላ ጊዜ በሁለት ምት የሚያልቅ ነበር። አንዱን ግማሽ ጭነን ሞተሩን ካስነሳሁ በኋላ «የት ላድርሰው?» አልኩ።

ታላቁ አውራ ጣቱን በካናቴራው ጫፍ እየጠቀለለ «የፈለግክበት» አለኝ። «ቤተ ክርስቲያን ብቻ እንዳትወስደው።»

ደጃፌ ላይ አራገፍኩት። ሚስቴ ልብስ ታጥብበታለች።