ላቡን ለሙቀቱ፣ ክሳቱን ለጾሙ

ማስተማር ማለት በአብዛኛው አፍን መዝጋት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ቢነገረኝ ኖሮ ወላሂ ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር። እኔ ሰው የጀመረውን ወሬ እስኪጨርስ መጠበቅ የማልችል ሴት ነኝ። ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ እንኳ እግሬ ፍሬን ይረግጣል። እናቴ «ይቺ ልጅ የተወለደችው ቸኩላ ነው፣ የምትሞተውም ቸኩላ ነው» ትል ነበር። እንግዲህ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ከሚሴ ሆስፒታል ለልምምድ ሲመጡ «ተቀበያቸው» የተባለችው ይቺው ሴት ናት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሽተኛ ይገባል፤ ተማሪው ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ የበሽታውን ምክንያት ያስባል፤ እኔ ጥግ ይዤ አያለሁ። ቀድሜ ከተናገርኩ ተማሪው የእኔን መልስ ይዞ ይሄዳል እንጂ ማሰብ አይለምድም። ስለዚህ ምላሴን ነክሼ እቆማለሁ። የእስክሪብቶ ክዳን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፤ ያልተጣመመ መጋረጃ አቃናለሁ፤ የታጠፈ አንሶላ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ።

ያን ሰሞን የመጣው ተማሪ ያገር ልጅ ነበር። እዚሁ ከሚሴ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚያስኬድ፣ በሽተኛ ገና ከበር ሲገባ የማን ዘመድ እንደሆነ የሚጠይቅ። ጎበዝ ነው፤ ጣጣው ጎበዝ መሆኑን ማወቁ ነው። ሌላው ጣጣው ስልኩ ነበር። ውጭ አገር ያሉ፣ ካይሮፕራክተር የሚባሉ ጀርባ አካሚዎች የሰው ወገብ ጠምዘዝ አድርገው ቋ! ሲያሰኙ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሲያይ ይውላል። በሽተኛው እያቃሰተ ይተኛል፣ ቋ ይላል፣ እየሳቀ ይነሳል። በቃ፣ ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል።

«ቲቸር፣ አንድ ሰው ላይ ብቻ ልሞክረው» ይለኛል።

«መጀመሪያ የማይደረግለትን ሰው መለየት ልመድ።»

«እሺ ቲቸር» ይላል፤ እሺታው ግን ከአንገት በላይ ነው።

ረመዳን ካለቀ ጥቂት ጊዜው ነው፤ ገሚሱ ሰው ከረመዳን ቀጥሎ ያለውን የስድስት ቀን የሸዋል ጾም ገና እየጾመ ነበር። ሙቀቱ ደግሞ አይጣል ነው። ከረፋዱ ላይ አንድ የሰንበቴ ገበያ ከብት ደላላ ወገቤን አመመኝ ብሎ መጣ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረጅም፣ ሽርጡን ከፍ አድርጎ የታጠቀ ሰው ነው። ማንም ሳይነግረው በሩ ላይ ሰንደሉን አወለቀ፤ በዚያው ቅጽበት ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ወገቡን የሚያመው ሰው «ኧህህ» እያለም ቢሆን ይጎነበሳል። ይሄ ግን አልጎነበሰም። አንድ እጁን ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ ጀርባውን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጎ፣ በጉልበቱ ቁልቁል ወርዶ ስልኩን አነሳ። የወለቀውን ሰንደል አየሁት፤ የቀኙ ጫፍ ብቻ ተፈግፍጎ አልቋል፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል ማለት ነው።

የጀርባ አጥንት ቲቢ ይሆን? አጥንቱን ከውስጥ እየበላ ያዳክመዋል፤ የተዳከመው አጥንት ይደረመስና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው፣ ሰውየው ይድናል። እንዲህ ያለውን ጀርባ ግን አንድ ሰው ቋ ላሰኘው ብሎ ቢጠመዝዘው፣ በእግሩ የገባው በቃሬዛ ሊወጣ ይችላል። ወደ ተማሪዬ ዞርኩ። ጀርባውን ሰጥቶ እጁን ይታጠባል። ምንም አላየም።

ልናገር? አፌ ድረስ መጣ። ገና እየጠየቀ ነው፣ ይደርስበታል ብዬ ዋጥኩት።

«ከዜሮ እስከ አስር ብትለው ሕመሙ ስንት ይሆናል?» ብሎ ጀመረ ተማሪዬ።

«አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

ተማሪዬ ሳቀ። «ሹክሩ እንዳለ ሆኖ ወንድሜ፣ ሕመሙን ንገረኝ። ሌሊት ያልብሃል?»

«ፍራሹ እስኪርስ ነዋ።»

«የከሚሴ ሙቀት ነው ቲቸር፣ እኔንም ያልበኛል» አለ ወደኔ ዞሮ። «ከስተሃል?»

«ኧረ ቀበቶዬን ባጠብቀው ባጠብቀው ቀዳዳው አለቀ።»

«ረመዳን ነዋ! በረመዳን ያልከሳ ማን አለ? ምግብስ?»

«አይበላልኝም።»

«ትቅማለህ?»

«እንዴ! ደላላ ሳይቅም ይውላል እንዴ?»

«በቃ ጫቱ ነው የዘጋህ። ማታ ማታስ ትኩሳት አለህ?»

«ሞቅ ሞቅ ይለኛል።»

«ወባ ትሆናለች። የጨፋ ሜዳ ወባ መቼ ሰው ይምራል።»

መጠየቅ ያለበትን አንድም ሳያስቀር ይጠይቃል፤ ሊያስደነግጠው የሚገባውን መልስ ሁሉ ያገኛል፤ ከዚያ ላቡን ለሙቀቱ፣ ክሳቱን ለጾሙ፣ የምግቡን ነገር ለጫቱ፣ ትኩሳቱን ለወባ እየሰጠ ያሰናብተዋል። ከደብረ ብርሃን የመጣ ተማሪ ቢሆን ፍራሽ እስኪርስ ሲባል ክው ይል ነበር። የኔው ልጅ ግን አገሩን ስለሚያውቅ ለሁሉም ነገር ሰበብ አለው፤ ደግሞ አንዱም ሰበብ ውሸት አይደለም፣ ከሚሴ ይሞቃል፣ ረመዳን ያከሳል። የእስክሪብቶዬ ክዳን ተሰበረ።

«እሺ፣ በጎንህ ተጋደምልኝ» አለው ተማሪዬ።

ሰውየው ፊቱ በራ። «ቋ ልታደርገኝ ነው አይደል? እኔም ያንን ብዬ ነው የመጣሁ። የጎረቤቴ ልጅ ስልኩ ላይ አሳይቶኛል።»

የተማሪዬ ዓይን እንዴት እንደበራ አልነግራችሁም። ሰውየውን በጎኑ አስተኛው፣ ላይኛውን ጉልበት አጠፈው፣ አንድ እጁን ትከሻው ላይ፣ ሌላውን ዳሌው ላይ አሳረፈ። እኔ ከመስኮቱ ወደ አልጋው እየተንደረደርኩ ነው።

«ቆይ!» አልኩ፤ ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጮኸ። «እስኪ ሰበቦችህን ድገምልኝ።»

«የምን ሰበብ?»

«የላቡ፣ የክሳቱ።»

«ሙቀት፣ ጾም፣ ጫት፣ ወባ» አለ ቅር እያለው። እጁ አሁንም ትከሻው ላይ ነው።

«ለአንድ ሰው አልበዛም? ሁሉንም የሚያመጣ አንድ ነገር ቢኖርስ? እጅህን አንሳና አስብ።»

እጁን አነሳ። እኔ ያልተጣመመ መጋረጃ አቃናሁ። ሰውየው በጎኑ እንደተጋደመ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። ከዚያ ተማሪዬ በርከክ ብሎ ፊቱን ከሰውየው ፊት አስተካከለና በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ «ዮም ጀልቀቤ?» አለው። መቼ ነው የጀመረህ ማለቱ ነው።

ሰውየው በኦሮምኛ ሲጠየቅ ሌላ ሰው ሆነ። ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን፣ ኅዳር ላይ ጀመረኝ አለ። ላቡስ? ላቡም ያኔ። ክሳቱስ? እሱም ከዚያ ወዲህ።

«ኅዳር ላይ» አለ ተማሪዬ ለራሱ። «ኅዳር ላይ እናቴ ጋቢ ደርባ ነው የምትተኛው። ረመዳንም ገና ነበር። ወባ ብትሆን ደግሞ እስከ ዛሬ...» አልጨረሰውም።

ሸሚዙን አስወለቀው። ጣቱን ከአንገቱ ጀምሮ አንድ አንድ አጥንት እየነካ ቁልቁል ወሰደው፤ ከወገቡ ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። አንዲት አጥንት ከመስመሯ ወጥታ ጉብ ብላለች። ቀስ አድርጎ አስነሳውና በተረከዝህ ሂድ አለው። የግራ እግሩ ጣቶች ተነሱ፤ የቀኙ አልተነሱም። ተማሪዬ ፊቱ አመድ መሰለ። እጆቹን ወደ ኋላው አደረጋቸው።

«ቲቸር፣ እኔ ይሄን ጀርባ አልነካም» አለ።

ነፍሴ መለስ አለች። ላቅፈው ትንሽ ቀረኝ። ደስታዬ ግን ሸሚዝ እስኪለበስ እንኳ አልቆየም።

«አትነካኝም?» አለ ሰውየው። «አስወልቀህ፣ እንደ ገበያ ከብት አስኪደህ ስታበቃ አትነካኝም?»

«ራጅ መነሳት አለብህ። የጀርባ አጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል።»

«ቲቢ? አልስልም እኮ! እኔ ሰው መሀል የምውል ሰው ነኝ፤ ይሄ ወሬ ሰንበቴ ቢደርስ ማን ከኔ ጋር ይቀመጣል? ባቲ ወጌሻ ሞልቷል፣ እነሱ ያሹኛል።» ሸሚዙን ለበሰ፣ ሰንደሉን በእግሩ እየፈለገ አጠለቀና ወጣ።

ሽባ ትሆናለህ ብዬ ልጮህበት አፌን ስከፍት ተማሪዬ እጁን ዘረጋ። «ቲቸር፣ በአላህ፣ አሁን እርስዎ ዝም ይበሉ» ብሎኝ ተከትሎት ሮጠ።

እኔን ዝም ይበሉ! መቀመጥ አቃተኝ። ተራ ሲጠብቁ የነበሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት ጠራሁና እግራቸውን አጥፌ እየዘረጋሁ በመስኮት አያለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ደህናውን ጉልበቴን ደግሞ ልታሳምሚው ነው?» አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ታመመው ዞርኩ። ከግቢው በር ማዶ፣ ባጃጆች በሚቆሙበት ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ሁለቱም ተቀምጠዋል። ሰውየው እጁን እያወናጨፈ ያወራል፤ ተማሪዬ ይሰማል። አንድ ባጃጅ መጣ። ሰውየው ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። ባጃጁ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ፣ እሱ ተመልሶ ተቀመጠ። ያ ልጅ ለምን አይናገርም ብዬ ስቁነጠነጥ እናትየው «ቁጭ በይ እንጂ፣ እኔንም አዞርሽኝ» አሉ።

የተነጋገሩትን ኋላ ነው የነገረኝ። እግርህ መጎተት የጀመረው መቼ ነው ሲለው ሰውየው ገበያ መሀል ሰው እያየው በአፍጢሙ እንደተደፋ ነገረው። ሰንደሉ ነው የጠለፈኝ ብሎ ሌላ ሰንደል ገዝቶ ነበር። አዲሱም ጫፉ ሲያልቅበት መንገዱ ድንጋያም ነው አለ። ተማሪዬም «ወንድሜ፣ አንተ ሰበብ ስትፈልግ እኔም ስፈልግልህ ነበር። ቲቸር አንተ ከበር ስትገባ ጀምረው የጠረጠሩ ይመስለኛል፤ ባያስቆሙኝ ኖሮ ልጠመዝዝህ ነበር። ሁለታችንም እንተወው» አለው። ይሄን ሰምቶ ነው የተመለሰው።

ራጁ ወጣ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አጥንቶች ተበልተው ወደ ፊት ተደፍተዋል። ራጁን ያየው ሐኪምም እኛ የጠረጠርነውን ጠረጠረና ለቀሪው ምርመራ ዛሬውኑ ደሴ ይሂድ አለ። ተማሪዬ ደሴ የሚላክበትን ወረቀት ሊያስጨርስ ሲሄድ ሰውየውና እኔ አግዳሚው ላይ ቀረን።

«እህቴ» አለኝ፣ «ልጁ ከበር ስገባ ጀምሮ ጠርጥራለች አለኝ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እሱ ራሱ አስቦ እንዲደርስበት ነዋ። እኔ ብነግረው አንተን ብቻ ያውቅ ነበር። ነገ ሌላ ቦታ፣ እኔ በሌለሁበት፣ እንዳንተ ያለ ሰው ቢመጣበትስ?»

«ልክ ነሽ» አለ። ተነፈስኩ። «ግን የልጁ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር» አለኝ።

«እየደረስኩ ነበር።»

«ብትዘገዪስ?»

ብዘገይስ? ተማሪዬን ማሰብ ላስተምር ብዬ የዚህን ሰው እግር መያዣ ሰጥቼ ነበር፤ ሳላስፈቅደው። አፈርኩ። ሰውየው አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው መጣ። ቃሬዛ እናምጣልህ ስንለው በጀ አላለም፤ ተማሪዬ ክንዱን ይዞት፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ራሱ ሄደ። አስደግፈን አስቀመጥነው። ተማሪዬ ከጎኑ ገባ፣ ደሴ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ ብሎ። በሩን ልዘጋ ስል ሰውየው እጄን ያዘው።

«ለሚመጣው ሰው» አለኝ፣ «ቀረብ ብለሽ ቁሚ።»