ሯጩ በተያዘ ሰሞን

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ሳቋርጥ፣ ከደብተሬ የተረፉትን ባዶ ገጾች እናቴ እየቀደደች በርበሬ ጠቀለለችባቸው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ትራፊክ ቢሮ ውስጥ ቃሌን እንድሰጥ ተጠይቄ ነው። ግማሽ ገጽ ነበር። ግማሽ ገጹ ያልበቃውን እዚህ ልጻፈው።

የምሠራው ቦንጋ ውስጥ፣ ባጃጆች ተራ ከሚይዙበት ቦታ ፊት ለፊት ባለች ሻይ ቤት ነው። ጠዋት ፉልና ሻይ፣ ከሰዓት ሻይና ሳምቡሳ እንሸጣለን። የቤቱን ባለቤት እትዬ እላቸዋለሁ። አያታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እትዬ ግን ተወልደው ያደጉት ቦንጋ ስለሆነ፣ ከእናቴ ጋር በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ሲያወሩ ልዩነታቸው አይታወቅም። እኔ አማርኛ የለመድኩት ትምህርት ቤትና እዚሁ ሻይ ቤት ነው። ሰው በዝቶ ሲያየኝ ቃሉ አልወጣ ይለኛል። ደንበኞቹ ይህን ስለሚያውቁ ሻይ ያዝዙኛል እንጂ ወሬ አይጠይቁኝም።

መደርደሪያው ላይ፣ ከስኳሩ አጠገብ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ውስጡ ብስኩት አልነበረም፤ የሹፌሮቹ መንጃ ፈቃድ ነበር። የእኛ አገር ዝናብ ባጃጅ ውስጥ የሚገባው በጎን ነው፤ ሹፌሩ እስከ ውስጥ ኪሱ ይበሰብሳል። የአንዱ መንጃ ፈቃድ ውሃ ገብቶበት ፎቶው ከደበዘዘ በኋላ፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን እኔ ጋ ማስቀመጥ ጀመሩ። ከከተማ ሲወጡ፣ ወደ ሺሺንዳ መንገድ ሰው ሲጭኑ፣ በር ላይ ቆመው «ቆርቆሮዋን!» ይሉኛል፤ አወጣላቸዋለሁ። ሲመለሱ ይመልሱልኛል።

ከተማ ውስጥ ግን የሚጠይቃቸው አልነበረም። የድሮው ትራፊክ ፖሊስ ሁሉንም በመልክ ያውቃቸዋል፤ የማን ሚስት እንደወለደች እንኳ ያውቃል። እሱ ወደ ቢታ ገነት ሲዛወር በምትኩ አንድ ወጣት ሳጅን መጣ። አዲስ ነው፣ ማንንም አያውቅም። ቆርቆሮው ግን እንደነበረ ቀጠለ። የሁላችንም ስህተት ይህ ነው።

ከእኛ ቤት ጀርባ የሚኖር አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ፤ ዕድሜው አርባን አልፏል፣ ጋሼ ነው የምለው። ልጅ እያለሁ ዝናብ ሲጥል ከትምህርት ቤት እስከ ደጃችን ሳያስከፍለኝ ያደርሰኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ከሻይ ቤቱ በር ፊት አንዲት ሴትዮ አወረደ። ሳጅኑ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«መንጃ ፈቃድ።»

«እዚህ ሻይ ቤት ነው ያለው፤ አሁን አመጣዋለሁ።»

«ሁላችሁም እንዲህ ነው የምትሉት። ቁልፉን ስጠኝ።»

«አምስት እርምጃ እኮ ነው፣ ሳጅን» አለና ጋሼ ወደ በሩ ዞረ።

ሳጅኑ የሚሸሽ መስሎት ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ኮሌታውን ጨብጦ ወደ ኋላ ሳበው። ጋሼ እጁን አላነሳም። ቆቡ ወድቆ ጭቃ ውስጥ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ሳጅኑ እንደገና ሳበው። ጋሼ ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ።

በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። እጄ ላይ አራት ብርጭቆ የያዘ ትሪ አለ፤ ቆርቆሮው ከጀርባዬ ነው። ትሪውን አስቀምጬ፣ ቆርቆሮውን ከፍቼ፣ ደረጃውን ወርጄ «ይኸው» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሰው ግን ተሰብስቦ ነበር። ትሪውን እንደያዝኩ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ወደ ማምሻው መንጃ ፈቃዱን ለሚስቱ ወስጄ ሰጠኋት። ጣቢያ ይዛው ብትሄድም ነገሩ ቀድሞ ተጽፎ ነበር፦ ያለ መንጃ ፈቃድ ሲያሽከረክር ተይዟል፣ ትእዛዝም እምቢ ብሏል። ባጃጁ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቆመ። ጉዳዩ ትራፊክ ቢሮ የሚታየው ሐሙስ ነው ተባለ። ባጃጁ የጋሼ አይደለም፤ ባለንብረቱ ደግሞ ጥፋቱ ከጸና ለሌላ ሹፌር እንደሚሰጠው በግልጽ ነገረው። ጋሼ ሌላ ሥራ የለውም፤ ሁለት ልጆች አሉት። በዚያ ጠዋት ያዩት ሹፌሮች ብዙ ነበሩ፤ ግን ሄዶ የመሰከረ የለም። ሄደው ስለ ቆርቆሮው ቢናገሩ የእነሱም መንጃ ፈቃድ እዚያው ውስጥ መሆኑ ይታወቃል።

ረቡዕ ጠዋት የአንድ ዝነኛ ሯጭ ቪዲዮ በየስልኩ መጣ። ስሙን አልጽፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞት፣ ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ሄዶ፣ ሁለት ፖሊሶች እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዘው በካቴና ሲያስሩት ይታያል። ቲቸር ከሥሩ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበልን። ቲቸር ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ መምህር ነው፤ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ይቀመጣል። መንጃ ፈቃድ አልያዘም፣ ፖሊሱንም ተሳድቧል ተብሎ ነው የተያዘው፤ በዚያው ቀን ተለቋል ይላል ጽሑፉ።

«በሕግ አምላክ! ስንት ባንዲራ ያሰቀለን ሰው በካቴና!» አለ ተራ አስከባሪው። የባጃጆቹን ሰልፍ የሚያስተካክል ሰውዬ ነው፤ ድምፁ ከፊሽካው ይበልጣል።

«አንተ ደግሞ፤ የሮጠው እሱ፣ የምትቆጣው አንተ» አለው አንድ ሹፌር።

«እሱ የመጨረሻውን ዙር ሲሮጥ እኔ እዚህ ጮኼ ድምፄ ተዘግቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተራ ያስከበርኩት በእጅ ምልክት ነው። ድርሻ አለኝ!»

ቤቱ ሳቀ። እትዬ ፉሉን እያማሰሉ፣ «ጥፋት ካለበት ይጠየቅ፤ ግን እንዲያ ይጠመዝዙታል? እናቱ አታየውም? ሮጦ ያመልጠናል ብለው ነው?» አሉ።

«ቢሮጥማ ማን ይደርስበታል፣ እትዬ!» አለ ሌላ ሹፌር።

ቲቸር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠ። «ነገሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አጥፍቷል ወይ? ሁለተኛ፣ ፖሊሱ እንዴት ያዘው? አትደባልቁት።»

«በሉ ለቲቸር ሰሌዳ አምጡለት» አለ ተራ አስከባሪው። «የምን ማጥፋት ነው? መንጃ ፈቃዱ እኮ ፊቱ ነው። ማን የማያውቀው አለ?»

«ፖሊሱ ባያውቀውስ? ቢያውቀውስ መጠየቅ የለበትም? እናንተም እኮ ትንንሽ ሯጮች ናችሁ። የድሮው ያውቀናል ብላችሁ ስንት ዓመት ፊታችሁን መንጃ ፈቃድ አድርጋችሁ ነዳችሁ? የማያውቃችሁ ሲመጣ ሰኞ የሆነው ሆነ።»

ይህን እያለ ሳጅኑ ገባ። ቁርሱን እኛ ጋ ነው የሚበላው። ፉል አዘዘና፣ «ምነው ዝም አላችሁ? ቪዲዮውን እኔም አይቼዋለሁ» አለ።

ተራ አስከባሪው ዝምታ አይችልም። «ሳጅን፣ እርስዎ ቢሆኑ ያስሩት ነበር?»

«እኔ እንጃ። ቪዲዮው የሚጀምረው ከመሃል ነው። ከዚያ በፊት ምን እንዳለው አናይም። ‹እኔን አታውቀኝም?› ብሎ ይሆናል። እዚህ እንኳ በቀን አምስት ሰው ይለኛል።»

«ቦንጋ ውስጥ አምስት ታዋቂ ሰው አለ እንዴ?» አለ ተራ አስከባሪው።

«የኃላፊ የወንድም ልጅ አለ፣ የባለሀብት ሹፌር አለ። ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆመህ ስትውል ሁሉም የሚነግርህ ማንን እንደሚያውቅ ነው። አንዱን ዝም ብለህ ብታሳልፈው ደግሞ እናንተው ፈሪ ነው ትሉኛላችሁ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሲናገር አሳዘነኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። እጁ ዳቦውን ሲቆርስ የሰኞው እጅ አይመስልም ነበር።

ቲቸር ድምፁን ሳያነሳ፣ «ይገባኛል» አለ። «ከተሳደበ ይከሰስ። እጅ መጠምዘዝ ግን የትኛው አንቀጽ ላይ ነው ያለው? ደግሞ በዚያው ቀን ወጣ። ለምን? የሚደውልለት ሰው አለው፣ አገር ሙሉ ተጯጯኸለት። የሚደውልለት የሌለውስ?»

እትዬ ማማሰያውን አስቀመጡ። «የሌለውማ ባጃጁ ከሰኞ ጀምሮ ጣቢያ ግቢ ዝናብ ይመታዋል።»

አሁን ማንን ማለታቸው እንደሆነ የጠፋው አልነበረም። ሳጅኑ ጉርሻውን ዋጠ። «እሱ መንጃ ፈቃድ አልያዘም ነበር፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ሻይ ቤት ነው ያለው አለኝ፤ ማን ነው መንጃ ፈቃዱን ሻይ ቤት የሚያስቀምጠው?»

ሹፌሮቹ ሁሉ ሻያቸውን ያያሉ። ስለ ሯጩ ሲጮህ የነበረው ቤት አንድ ቃል አጣ። ስለ ሩቅ ሰው መከራከር እንዴት ቀላል እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ደግሞ ሰኞ እንደቆምኩት ቆሜያለሁ፤ ትሪ በእጄ፣ ቆርቆሮው ከጀርባዬ። ሐሙስ ነገ ነው።

መናገር እንደማልችል አውቄው ነበር። ስለዚህ ትሪውን አስቀመጥኩና ቆርቆሮውን አውርጄ፣ ሳጅኑ ፊት ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ክዳኑን ከፈትኩት።

«ወይኔ! ጉድ አፈላችብን!» አለ ከኋላዬ አንዱ ሹፌር።

ሳጅኑ እጁን ጠርጎ መንጃ ፈቃዶቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። ፎቶውን ያያል፣ ቀና ብሎ ሰዎቹን ያያል። አንዱ ላይ ቆይቶ፣ «ይሄ አንተ ነህ? ፀጉር ነበረህ?» አለ። ተራ አስከባሪው ሳቁን መያዝ አቅቶት ሻዩ ትን አለው።

ከዚያ ሳጅኑ ወደ እኔ ዞረ። «የሰውዬውስ?»

«ሰኞ ማምሻውን ለሚስቱ ሰጥቻታለሁ።»

«እኔ በያዝኩት ሰዓት የት ነበር?»

«እዚህ ውስጥ። ሊያመጣው ነበር የዞረው። እጁንም አላነሳብዎትም።» ቤቱ ሁሉ እያየኝ ተናገርኩት።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልወጣሽም?»

«አፈርኩ።»

ፉሉን አልጨረሰውም። ተነስቶ በር ላይ ሲደርስ፣ «ነገ ጠዋት ቢሮ መጥተሽ ይህንኑ ድገሚው። እናንተም መንጃ ፈቃዳችሁን ከዚህ አንሱ» ብሎ ወጣ።

ሹፌሮቹ ቆርቆሮውን ባዶ አድርገው ወጡ። ከመካከላቸው ሁለቱ ለብዙ ቀን አላነጋገሩኝም፤ ሻይ እንኳ የሚያዙት በእትዬ በኩል ነበር። ቲቸር ብርጭቆውን ሲመልስልኝ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ሐሙስ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው አብረውኝ ሄዱ። የቢሮው ኃላፊ ሴት ናቸው። ወረቀት ሰጥተውኝ፣ «የሰማሽውን ሳይሆን ያየሽውን ጻፊ» አሉኝ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። «ኮሌታ» የሚለው ላይ ስደርስ ሳጅኑ ፊት ለፊቴ እንዳለ ትዝ ብሎኝ እጄ ቆመ፤ ከዚያ ጻፍኩት። ጋሼ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ቆቡ ታጥቦ እጁ ላይ ነው። ኃላፊዋ አንብበው ሲጨርሱ ሳጅኑን፣ «ይህ ልክ ነው?» አሉት።

መሬት መሬት አየ። «ኮሌታውን ይዤዋለሁ፤ የሚሸሽ መስሎኝ ነው። እምቢ ብሏል ያልኩት ይሰረዝ» አለ።

ጋሼ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ባለመገኘቱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ሌላው ተሰረዘ፤ ባጃጁም በዚያው ቀን ተለቀቀ። ከመውጣታችን በፊት ሳጅኑ ለጋሼ አንድ ነገር አለው፤ በሩ ጋ ስለነበርኩ አልሰማሁም። ሲጨባበጡ ግን አይቻለሁ።

የሯጩ ነገር የት እንደደረሰ አላውቅም። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ቪዲዮ መጣ፤ ተራ አስከባሪው በእሱ መጮህ ጀመረ። ሹፌሮቹ አሁን መንጃ ፈቃዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ቆርቆሮው ውስጥ ቅርንፉድ አድርጌበታለሁ።

ከቢሮ በተመለስን ማግስት፣ አርብ ጠዋት፣ ጋሼ ባጃጁን ተራ አስይዞ ገባና ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፤ ይቅርታ ልለው አስቤ ነበር ያደርኩት። እሱ ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«ሰኞ እዚህ በር ላይ እንደነበርሽ አይቻለሁ» አለኝ። «ትናንት ደግሞ ስትጽፊ አይቻለሁ። በይ አሁን ሻይ አምጪልኝ፤ ስኳሩን አታብዢው።»