አሸዋውን ያየው ሰው

የመብራት ገመድ መሬት ውስጥ ሲቀበር በላዩ አሸዋ ይደረግበታል። ስትቆፍር ከጥቁሩ አፈር ሥር ንጹሕ አሸዋ ካገኘህ ድጅኖህን ትጥላለህ፤ ከዚያ ወዲያ በአካፋ ነው፣ እሱም ቀስ ተብሎ። ይህን አውቅ ነበር። ባላውቅ ኖሮ እንዴት በተገላገልሁ!

ሐይቁ አጠገብ ባለው በሹም አቦ ሰፈር ለፋይበር ኢንተርኔት ቦይ እናስቆፍር ነበር። የቆፋሪዎቹ አለቃ እኔ ነበርሁ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ የመራዊ ሰው ነው፤ ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ ምሳም ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው።

ቦዩ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር መድረስ አለበት ተብዬ ነበር። ሐሙስ ረፋድ ላይ የመራዊው ሰው ከጉድጓዱ ቀና አለና «አለቃ፣ አሸዋ አገኘሁ» አለኝ። ወርጄ ማየት ነበረብኝ። ከመብራት መሥሪያ ቤት ሰው ማስጠራትም ነበረብኝ፤ እሱ እስኪመጣ ግን ግማሽ ቀን ይሄዳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ቤት የሚሠራ ሁሉ አሸዋ ዘርግፎበታል።

«የግንበኞች ትራፊ ነው። ምን ታካብዳለህ፣ ምታ!» አልሁት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

አመነታ። ሲያመነታ አይቻለሁ። ግን አለቃው ነኝና መታ።

ድምፁን አልጽፈውም። ቀኝ እጁ ተቃጠለ፤ ሐኪሞቹ ከክርኑ በታች ቆረጡት። ቦዩም ቅዳሜ አልደረሰም፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለም።

የሚያሠራን ድርጅት መርማሪ ላከ። ሆስፒታል ውስጥ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ምን እንደሚናገር ልሰማ እንጂ ላስታምመው አልነበረም፣ እውነቱ ይኸው ነው።

«አሸዋ አላየህም?» አለው መርማሪው።

የመራዊው ሰው ቀና ብሎ አየኝ። አራት ልጆች እንዳሉኝ ያውቃል።

«አላየሁም። የራሴ ጥፋት ነው» አለ።

መርማሪው ጻፈ። እኔም ምስክር ሆኜ ፈረምሁ።

እሱን የዕቃ ግምጃ ቤቱ ዘበኛ አደረጉት። እኔን ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ የአዲስ ቆፋሪዎች የጥንቃቄ አስተማሪ! ሰኞ ሰኞ ጠዋት እዚያው ግምጃ ቤቱ በር ላይ እሰበስባቸውና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «አሸዋ ካያችሁ ቁሙ» እላለሁ። «አንድ ሰው አሸዋውን ሳያይ መታና እጁን አጣ» እላለሁ። በተሰጠኝ ወረቀት ላይ እንዲያ ነው የተጻፈው። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል።

ባለፈው ሰኞ ከአዲሶቹ አንዱ ሳቀ።

«ምን ዓይነት ዕውር ነው ባካችሁ!» አለ። ሌሎቹም አብረውት ሳቁ።

የመራዊው ሰው ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት። እሱ ግን እነሱን አልነበረም የሚያየው፤ እኔን ነበር። አንዴ እንኳ፣ በእነዚህ በማያውቁኝ ሰዎች ፊት እንኳ፣ «አይቶ ነበር» እንድል ጠበቀኝ።

«በሉ፣ አካፋችሁን ያዙ» አልሁ።