የአትባራ ዓሣና የሾዋክ መጥበሻ

ሱዳን ካለው የኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ወጥቼ ሾዋክ ከተማ ሥራ የጀመርሁ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ማሽተት ነበር።

«ያ ቢቲ፣ አሽትቺው» አሉኝ ሐጃ ነፊሳ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ዓሣ እየጠበሱ የሚሸጡ ሱዳናዊት ናቸው። ቀጥለው ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ገልጠው አሳዩኝ። ቀይ ከሆነ ዛሬ የወጣ ነው፤ ከነጣ ይመለሳል። ቅርፊቱን ከጭራ ወደ ራስ መፋቅን፣ ሐሞቱን ሳያፈርጡ ማውጣትን በዚያው ሳምንት ለመድሁ።

ዓሣውን የሚያመጣልን ዑስማን የሚባል የመተማ ሰው ነበር። መረቡን አትባራ ወንዝ ላይ ጥሎ ያድርና ጠዋት አህያውን እየነዳ ይደርሳል። ዒጂል የሚሉትን ትልቁን ዓሣ እሱና እኔ ለሁለት ተሸክመን ጠረጴዛው ላይ ስናወጣው ጭራው አልፎ ይንጠለጠላል።

ክረምት ሲገባ ሐጃ ዓሣ አይገዙም። «እንቁላል ይዟል፤ ይውለድ» ይላሉ። ደንበኛው ቢያጉረመርምም መስከረም እስኪጠባ ከሽንብራ የሚሠራ ጣዕሚያ እንጠብሳለን።

እርጅና ሲያደክማቸው ሥራውን ለእኔ ተዉልኝ። በዚያው ሰሞን አጥማጁ በዛ፤ የመረቡም ዓይን ጠበበ። አንድ ጠዋት ዑስማን ከረጢቱን ሲያራግፈው ሁሉም ከመዳፌ ያነሰ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነበር።

«ዑስማን፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ወንዙ የሰጠኝ።»

«አንድ ጊዜ እንኳ አልወለደም እኮ።»

«እኔ ብተወው ሌላው ያወጣዋል። ልጆቼስ ምን ይብሉ?»

 አልገዛሁትም። ከረጢቱን ጭኖ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሌላ ጠባሽ ዘንድ ሲያራግፍ አየሁት፤ ፊቱን አዞረብኝ። ስንት ዘመን አብረን የቆረስን ሰዎች! ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት የአህያ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ቀና እል ነበር።

እየዋለ እያደረ ትንሹም ዓሣ ጠፋ። ሀዋታ በምትባል ከተማ አንድ ሰው ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ያረባል ሲሉኝ፣ ከመግዛቴ በፊት ውኃውን ለማየት ሄድሁ። ይሸታል። ዓሣው ተጨናንቆ አፉን ከውኃው በላይ ያወጣል።

«ቁጥሩን ቀንስ፤ ውኃውንም ለውጥ። ያኔ እገዛለሁ» አልሁት።

ተቆጣ። በሚቀጥለው በጋ ግን ራሱ አስጠራኝ። ውኃው ተለውጦ፣ ዓሣውም በቁጥር ቀንሶ ነበር፤ ገዛሁት።

የአገሩ ሰው ወንዙን ባሕር ነው የሚለው። ሹፌሮቹ «የባሕር ነው?» ሲሉኝ «የኩሬ ነው» እላለሁ። አንዳንዱ ቅር ብሎት ይሄዳል፤ አንዳንዱ ይበላል።

አንድ ቀን ዑስማን መጣና ተቀመጠ። መረቡን ትቶ ሰሊጥ አጫጅ ሆኗል። ጸጉሩ ሸብቷል። ጠበስሁለት።

«ጥሩ ነው» አለ። አኘክ አኘክ አድርጎ «ወራጅ ውኃ ግን አያውቅም» አለኝ።

«አያውቅም» አልሁት።

«ያኔ ስትመልሺኝ ተቀይሜሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ያኛውም ጠባሽ ቢመልሰኝ ኖሮ መረቤን እቀይር ነበር» አለና እጁን ሊታጠብ ተነሣ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህንኑ ነው። ትንሹን ዓሣ አንድ ጠባሽ ብቻውን ቢመልሰው አይተርፍም። ሁሉም መመለስ አለበት።