ለባልቴቷ ያነበብኩላት ደብዳቤ

ሆጤ ሰፈር ባለችው ትንሿ ምኩራባችን ዕብራይስጥ መማር የጀመርኩት ጥርሴ ከረገፈ በኋላ ነው። ጥርስ ቢረግፍም ተንኮል አይረግፍም፤ መምህሩ ሲያነብ በቃሌ እይዝና ተራዬ ሲደርስ ጣቴን በመስመሩ ላይ እየጎተትኩ አወርደዋለሁ። ፊደሉን ግን አንዱንም አልለይም።

አንድ እሑድ፣ ከኮምቦልቻ እየመጣች አብራን የምትማር ባልቴት፣ እስራኤል የተወለደች የልጅ ልጇ በዕብራይስጥ የጻፈችላትን ደብዳቤ አቀበለችኝ።

«መምህሩን አፈርኩት፤ እርስዎ ያንብቡልኝ ጋሼ» አለችኝ።

አላውቅም ማለት አቃተኝ። «ናፍቀሽኛል፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ትላለች» አልኳት።

ለፋሲካ እንደ ወጋችን አሮጌ ሸክላዋን ሰብራ በአዲስ ተካች፤ ለልጅቷም አልጋ አሰናዳች። ማንም አልመጣም። በዓሉ ሲያልፍ ደብዳቤውን ለመምህሩ ሰጠችው። ልጅቷ የጻፈችው፣ «አያቴ፣ ለክፍሌ ልጆች ላነብላቸው ነውና የልጅነትሽን ታሪክ ከበዓሉ በፊት ላኪልኝ» ብላ ነበር።

«ጋሼ፣ እሷም እኮ እንደኔ ስትጠብቅ ከረመች» አለችኝ።

አሁን ከፊት ወንበር ተቀምጬ ፊደል እቆጥራለሁ። አምስቱን ለይቻለሁ፤ ለቀሩት የማቱሳላ ዕድሜ ሳያስፈልገኝ አይቀርም። እሷም አጠገቤ ትቀመጣለች። ደብዳቤ ሲመጣላት ግን በፊቴ አልፋ ወደ መምህሩ ትሄዳለች።