የነሲባ ሩጫ

መርሳ ከተማ ላይ ማንጎ መሸጥ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ድሮ ተቀምጦ ይሸጥ ነበር ይላሉ፤ መንገደኛው ከመኪና ወርዶ፣ መርጦና ተከራክሮ ይገዛ ነበር። አሁን የሚወርድ የለም። አውቶቡሱ አስፋልቱ ዳር ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ሞተሩ አይጠፋም። መስኮት ይከፈታል፣ እጅ ይወጣል፣ ቀድማ የደረሰች ትሸጣለች። የዘገየችው አቧራውን ትቅማለች።

ነሲባ ይህን ሩጫ የጀመረችው ባሏ ሲራጅ በሞተ ዓመት ነው። ማንጎውን በማለዳ ከአትክልተኞች ትረከብና፣ በፌስታል ቋጥራ ሳፋ ላይ ደርድራ መንገድ ዳር ትቆማለች። ስልኳ ከጉያዋ አይወጣም። የአውቶቡስ ረዳቶች ያውቋታል፤ ከደሴ የሚመጣው ጎረቤት ከተማዋን ውርጌሳን ሲያልፍ፣ ከወልድያ የሚመጣው ገና ከመናኸሪያው ሲወጣ ይደውሉላታል። «ነሲባ፣ መጣንልሽ! ጢም ብሎ ሞልቷል!» ይሏታል። ያኔ ሳፋው ከራሷ ላይ ይወጣል፣ እሷም ትሮጣለች። ከሴቶቹ ሁሉ መስኮት የምትቀድመው እሷ ነበረች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከጎማው ጋር ነው እንዴ የምትሽከረከሪው?» ትላታለች አጠገቧ የምትሸጠው አሰለፈች። «ለኛም እኮ አንድ መስኮት ብትተይልን አትሞቺም።»

«አንቺ ወገብሽን ይዘሽ እስክትነሺ መኪናው ይጠብቅሽ?»

«የኔ ወገብ አንድ ነው፣ እሳሳለታለሁ። አንቺ መለዋወጫ ሳይኖርሽ አይቀርም።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ነሲባም ትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አያልፍም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ይሮጣል። ደረቷን የሆነ ነገር ጨምድዶ ይይዛታል፣ የግራ እጇ ይደነዝዛል። ጉልበቷ አብጦ፣ ሶላት ላይ ለሱጁድ ስትደፋ ለመነሳት መሬቱን በእጇ መግፋት ይኖርባታል። ጋደም ስትል እንቅልፍ የለም፤ ያልጮኸ ስልክ የጮኸ ይመስላታል። አንድ ቀን ሶላት ላይ ቆማ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለች ጠፋባት። ደግማ ጀመረች፣ ደግሞም ጠፋባት። መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ለማንም አልተናገረችም። ምክንያቷ ልጇ ናጅዋ ናት።

ነሲባ ራሷ ከትምህርት ቤት የቀረችው በልጅነቷ ነው። እናቷ ታመመችና፣ «እስክትድን ብቻ» ተብሎ ሸክሙ ለእሷ ተሰጣት። እናቷ ዳነች፤ ነሲባ ግን ደብተር ዳግም አልያዘችም። የከለከላት አልነበረም። ቤተሰቦቿ ጉልበቷን ለምደውት ነው። ናጅዋ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። የእናቷ ፊት ትንሽ ከጠቆረ «ምን ሆንሽ?» የምትል፣ አንጀቷ የማይችል ልጅ ናት። የእናቷን መታመም ብትሰማ ሳፋውን ከማንሳት እንደማትመለስ ነሲባ ታውቃለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ልጅቷ ደጁን እስክትወጣ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ትደገፋለች።

አንድ ቀን «ለቅሶ አለብኝ» ብላ ወልድያ ሄደች፤ አንድ ክሊኒክ ገባች። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት።

«ልብሽ ደህና ነው፣ ደምሽም ደህና ነው» አለቻት።

«ታዲያ የሚያንቀኝ ምንድነው?»

«ጭንቀት ነው፣ እናቴ። ሰውነትሽ አልቋል፣ አእምሮሽም አላረፈም። ሸክም ተዪ። እንቅልፍሽን ተኚ። ያንን ስልክም አጥፊው።»

«እንግዲያ በሽታ የለብኝም ማለት ነው?»

«አለብሽ እንጂ። ይህም በሽታ ነው።»

ነሲባ ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ይህን ነገር ብታገላብጠው አልያዝ አላት። እግሩ የተሰበረ ሰው ይታዘንለታል፤ ደከመኝ የሚልን ግን ማን ያስታምመዋል? ሁሉም ደክሞታል። ሸክም ተዪ ማለትስ ቀላል ነው፤ ከራሷ ላይ ብታወርደው የሚያርፈው የልጇ ራስ ላይ ነው።

በመጨረሻ ጎረቤቷ እትዬ ሁሪያ ዘንድ ሄደች። እሳቸው የሰፈሩ ሴቶች ለዱዓ ሲሰበሰቡ ከፊት የሚቀመጡ አሮጊት ናቸው።

«እትዬ፣ ልቤ አልረጋ አለኝ» አለቻቸው።

«አብሽሪ ልጄ። ወዳጃ ተቀምጠን እንለምንልሻለን።»

«ናጅዋ ሳትሰማ ከሆነ ነው።»

«ዱዓ ደግሞ እንደ ሌብነት ተደብቆ ይደረጋል?»

«አንቱ እሺ ይበሉኝ። ትምህርት ቤት ሳለች ይሁን።»

በዚያ አገር ወዳጃ ሲቀመጡ ታማሚው መሐል ይሆናል። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ስለ እሱ ይለምናል፤ ዱዓው ተዘግቶ እስኪመረቅ ድረስ እሱ ከቦታው አይነሳም። በራሱ ወዳጃ ላይ ተነስቶ የሄደ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ረፋዱ ላይ ሴቶቹ የነሲባን ቤት ሞሉት። ክርስቲያን ብትሆንም አሰለፈች እንኳ ሥራዋን ትታ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። እትዬ ሁሪያ በዚያ በተሰበረ ድምፃቸው፣ «ያ አላህ፣ ለዚች ባሪያህ እረፍት ስጣት» ይላሉ። ሴቶቹ «አሚን» ይላሉ። ያ «አሚን» ሲደጋገም የነሲባ ትከሻ ወረድ አለ። ዓይኗ ከበደ። ከስንት ጊዜ በኋላ እውነተኛ እንቅልፍ መጣባት።

ስልኩ ከጉያዋ ጮኸ። ማጥፋቱን ረስታ ነበር።

ሳታነሳው ለምን እንደተደወለ አውቃለች፤ አውቶቡሱ ውርጌሳን አልፏል። አልነሳም ብላ መሬቱን ያዘች። ስልኩ ዝም አለ፣ ደግሞ ጮኸ። ልቧ መሮጥ ጀመረ። እግሯ፣ የሌላ ሰው እግር ይመስል፣ ሳታዘው ተነሳ።

«ተቀመጪ ልጄ!» አሉ እትዬ ሁሪያ፣ የዘረጉትን እጃቸውን ሳያጥፉ።

«መጣሁ እትዬ፣ አሁን መጣሁ።»

«ነሲባ፣ አብደሻል?» ብላ አሰለፈች ቀሚሷን ያዘቻት። ነሲባ አስለቅቃ፣ ማለዳ ደርድራ ደጁ ላይ ያስቀመጠችውን ሳፋ አንስታ ወጣች። ከኋላዋ «አሚን» የሚለው ድምፅ ተቋረጠ።

መንገዱ ስትደርስ አውቶቡሱ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው መስኮት ጋ ደርሳ አንድ ፌስታል አቀበለች። ሁለተኛውን ልታነሳ ስትል እጇ አልታዘዝ አላት። ብርሃኑ ጠበበባት፤ ሳፋው ተደፋ፣ እሷም ከአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተዘረረች። ማንጎው ከጎማው ሥር ተንከባለለ።

ትምህርት ቤት ያን ቀን ቀደም ብሎ ተለቆ ኖሮ ተማሪው መንገዱን ሞልቶታል። ዓይኗን ስትገልጥ ናጅዋ ከነዩኒፎርሟ አጠገቧ ተንበርክካለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማ?»

«ምንም አይደለም። አደናቅፎኝ ነው።»

አሰለፈች ሮጣ መጥታ ነበር፤ ከድንጋጤዋ የተነሳ አፏን መያዝ አልቻለችም። «ምን አደናቀፈሽ? ስንት ወር የታመምሽውን! ወዳጃሽን አቋርጠሽ የወጣሽውን!»

ከመስኮቱ አንዱ ተሳፋሪ «ማንጎው የለም እንዴ?» እያለ ይጮሃል። ልጅቷ ብድግ ብላ የተበተነውን ለቃቅማ፣ በቀሚሷ ጠርጋ አቀበለች። ቀጥሎም ወደሚቀጥለው መስኮት ሄደች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አብራው እየሮጠች የመጨረሻውን ፌስታል ሰጠች።

«እጇ እንዴት ይፈጥናል!» አለች ከሻጮቹ አንዷ።

ነሲባ ከወደቀችበት ሆና ሰማች። ደረቷ ከወትሮው ይበልጥ ተጨመደደ።

በማግስቱ ናጅዋ በማለዳ ወጣች። ዩኒፎርሟ ታጥፎ አልጋው ራስጌ ላይ ቀርቷል። «አንድ ሳምንት ብቻ ነው እማ፤ እስክትድኚ» ብላት ነው የሄደችው። ነሲባ ልትጮህባት፣ ልትቆጣት፣ ከደጅ ልትመልሳት አስባ ነበር። ክንዷን ተደግፋ ለመነሳት ሞከረች፤ አልቻለችም። ከዚያ ያ ስንት ወር የሸሻት እንቅልፍ ጣላት።

ከሰዓት በኋላ አሰለፈች ልትጠይቃት መጣች። ትናንት የተናገረችው ቆጭቷት መደብ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

«ወጣች?» አለች ነሲባ።

«ወጥታለች።»

«ሮጠች?»

«ሮጠች።»

«ቀደመቻችሁ?»

አሰለፈች የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ቆየች። «ሁላችንንም ቀደመችን» አለች።

ነሲባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።